ለክርስትናው ውጭ የቀረችው እናት

በደሉ ተጽፎ ይቀመጥልኝ፤ የልጅ ልጄ በወለደች ማግስት ጤና ጣቢያ የእርግዝና መከላከያውን ክንዷ ውስጥ ሲቀብሩላት፣ የወር አበባዋን ሊያዛባባት እንደሚችል ማንም አልነገራትም። መድኃኒቱን አልጠላውም። ስምንት ልጅ የወለድኩ ሴት ጥቅሙን አላጣውም።

ሰማንያ ቀን ሞልቶ ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ ደሙ ገና አልቆመም ነበር። በእኛ ዘንድ ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የልጅ ልጄ የበኩር ልጇ ስትጠመቅ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ዝናብ መታት፤ ሕፃኗን ታቅፌ የገባሁት እኔ ነኝ። ከእንጅባራ ለክርስትናው የመጡ ዘመዶች "ምን ኃጢአት ይዟት ይሆን?" እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት የልጅ ልጄን ይዤ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ነርሷ ካርዷን አወጣችና "ይኸው እማማ፣ ምክር ተሰጥቷታል ይላል" አለችኝ።

"ምን ብለው መከሩሽ?" አልኳት የልጅ ልጄን።

"ሦስት ዓመት ያገለግላል አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉኝም።"

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደሙ ብዙ ጊዜ ለክፉ አይሰጥም፤ እናየዋለን። ይውጣልኝ ካለችም ዛሬውኑ አወጣላታለሁ።"

"እሱን እሷ ትወስን፤ ክንዱ የእሷ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ለምን እንዳልነገራችኋት ነው። የተጻፈውንማ አየሁት፤ ውሸት ነው።"

ካርዱን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው።

"አስቀድመን ከነገርናቸው እኮ እማማ፣ እሺ አይሉንም" አለችኝ።