መንታ ወንድሜና የጁምዓው ኪኒን

የመጀመሪያው ምልክት ለሱብሒ ውዱእ ስነሳ መጣ። ጆጉን ላነሳ ስል ጣቶቼ እጀታውን አልጨብጥ አሉኝ። ወደቀ፤ ውሃው ሱሪዬ ላይ አለቀ። ባለቤቴ ፋጡማ ከውስጥ ሆና፣ "ደሞ ምን ሰበርክ?" አለች። "ምንም፣ እንቅልፌ አልለቀቀኝም" አልኳት። ምን እንቅልፍ! ጣቶቼ ከመዳፌ ጋር የሚገናኙባቸው አንጓዎች አብጠው ነበር፣ በሁለቱም እጆቼ፣ እኩል። እኩል መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ሐኪሟ ደጋግማ የጠየቀችኝ ስለሱ ነው።

ሁሴን እባላለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነኝ። ሐሰን የሚባል መንታ ወንድም አለኝ፤ በኛ አገር መንታ ወንዶች ሲወለዱ ሐሰንና ሁሴን ነው፣ ስም ፍለጋ የሚደክም ሰው የለም። ሐሰን ቢስቲማ አጠገብ የአባታችንን መሬት ያርሳል፣ እናታችንም የምትኖረው ከሱ ጋር ነው። መልካችን አንድ ነው ስላችሁ እያጋነንኩ አይምሰላችሁ። ልጄ ሕፃን እያለች ሐሰን ሲመጣ "አባባ" ብላ እቅፉ ውስጥ ትገባ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቆሜ አያለሁ።

ሥራ ላይ ሦስት ወር ደበቅኩት። ጧት ጧት እጄ እንጨት ይሆናል፣ አራት ሰዓት አካባቢ ፈታ ይላል። ጓደኞቼ "ቁርጥማት ነው፣ ቅባት ተቀባ" አሉኝ። ተቀባሁ። ከዚያ የእጄ አንጓ ተከተለ፣ ከዚያ የእግሬ ጣቶች። አንድ ቀን መፍቻ ይዤ ብሎን ላጠብቅ ስል አቃተኝ። ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሥራ ነው። አቃተኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እናቴና ሐሰን ሰምተው መጡ፤ ሦስታችንም በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ሆስፒታል ገባን። ያየችን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ደም ታዘዘ፣ ኢ.ኤስ.አር እና ሩማቶይድ ፋክተር የሚባሉ ምርመራዎች ተሠሩ፣ የእጄም ራጅ ተነሳ። ውጤቱን ይዛ፣ "ሁሴን፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው" አለችኝ። "ሰውነትህን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል የገዛ መገጣጠሚያህን ጠላት መስሎት እየተዋጋው ነው።" ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ አንዱ "ሲጋራ ታጨሳለህ?" የሚል ነበር።

እናቴ ጎኔ ተቀምጣለች። አምስት ሰላት ከነሱናው የምትሰግድ ሴት፣ ልጇ አፉን ከሲጋራ ጋር ያገናኛል ብላ በሕልሟም አታስብም። እኔ ግን ኮምቦልቻ ከገባሁ ጀምሮ ከቦይለር ክፍሉ ጀርባ አጨስ ነበር፣ ቀን ከሌት። "አላጨስም" አልኩ። ወላሂ ብዬ አለመማሌ ብቻ ያጽናናኛል።

እናቴ፣ "በዘር የሚመጣ ነው እንዴ?" አለቻት።

"የዘር ድርሻ አለው፣ ግን..." ብላ ሐኪሟ ማስረዳቱን ቀጠለች። ከ"ግን" በኋላ ያለችውን ሦስታችንም አልሰማንም። እናቴ ዓይኗን ከኔ አንስታ ሐሰን ላይ ተክላ ቀረች። እኔም የማየው እሱን ነበር።

ሜቶትሬክሴት የሚባል ኪኒን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ፣ ከሱ ጋር ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን፣ ለጊዜው ደግሞ እብጠቱን የሚያበርድ ትንሽ ፕሬድኒሶሎን ታዘዘልኝ። "የማትረሳውን ቀን ምረጥ" ስትለኝ "ጁምዓ" አልኳት። ሳቀችና ወረቀቱ ላይ "ጁምዓ ብቻ" ብላ በቀይ ጻፈች።

ስህተታችን የተሠራው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እናቴ ኪኒኑን ከእጄ ተቀበለችና ለሁለት ከፈለችው። መንታ ያሳደገ ይስቅ ይሆናል፣ ሌላው ግን አብደዋል ይለናል። እኛ ቤት መድኃኒት ተከፍሎ ነው የሚዋጥ። ሐሰን ወባ ሲይዘው እኔም መራራውን እውጣለሁ፤ እኔ ሆዴን ሲያመኝ ሐሰንም ኮሶ ይጠጣል። "መንታ አንድ ደም ነው፣ አንዱን የያዘ ሌላውን ይከተላል" ትላለች፤ የሰፈሩም መንታ እናቶች እንደዚያው ያደርጋሉ። አሁን የሐሰንን ድርሻ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው።

እኔስ? የተማርኩ ነኝ ባይ፣ የማሽን መመሪያ አንባቢ! አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። የሐሰን እጅ እንደኔ ከታሰረ ማን ያርሳል? እናቴን ማን ይይዛታል? ከበሽታዬ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይሄ ነበር። "ጁምዓ ጁምዓ ብቻ እንዲውጥ" ብዬ አስጠንቅቄ ሸኘኋቸው፣ እኔም ግማሼን እየዋጥኩ ከረምኩ።

በቀጠሮዬ ሐኪሟ ደሜን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። "በትክክል ትወስዳለህ?" "እንዴታ!" አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። መጠኑን ከፍ አድርጋ ያንኑ ኪኒን እንደገና አዘዘች፤ እሱንም ከፈልነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ በሽታውን ከሐኪሟ ሳልደብቅ ሌላውን ሁሉ ደበቅኩ።

እንዳልተሻለኝ እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። በሽታው ጉልበተኛ ነው፣ ሐሰንንም በቅርብ ይይዘዋል ብላ አሰበች። ደግሞ ጧት ጧት አይደል የሚመጣው? እንግዲያው ጧት ጧት መቅደም ነው! ለኔ ሳትነግረኝ በየቀኑ አንድ ኪኒን ከቁርሱ ጋር ትሰጠው ጀመር። ሐሰንም የእናቱን እጅ አይመልስም።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። "ያንተው መጣበት" አለች እናቴ።

ሐሰን አፉ ቆስሏል። ምራቁን መዋጥ አልቻለም። ትኩሳት አለው። ድዱ ይደማል። በሐይቅ መንገድ ደሴ አደረሱት። እኔም ከኮምቦልቻ ወጣሁ። አልጋ ላይ ሳየው ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ነጭ የደም ሕዋሱ ወርዷል። ሐኪሟ ወደኛ ዞረች። "ምን መድኃኒት ነው የሚወስደው?"



እናቴ ሻርፗን ፈታች። ኪኒኖቹ መዳፏ ላይ ነበሩ።

"ስንት ቀን ወሰደ?"

"አስራ አንድ ጧት" አለች እናቴ።

ሐኪሟ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለሜቶትሬክሴቱ ማርከሻ የሚሆን ሊዩኮቮሪን የሚባል መድኃኒት አስፈለገች፤ ከስንት ፍለጋ በኋላ ተገኘ። አራት ቀን ተጨነቅን። እናቴ ተስቢሕ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ተቀመጠች። እኔ ወንድሜን በገዛ መድኃኒቴ ገደልኩት እያልኩ ኮሪደሩን መለካት ነው። አምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ሐሰን ዓይኑን ገልጦ አየኝና በዚያ በቆሰለ አፉ፣ "ሁሴን፣ ያንተ በሽታ ምላስም ይቆርጣል እንዴ?" አለኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መጣብኝ። አልሐምዱሊላህ!

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሚቀጥለው ብዬ ነው፤ አሁንም ስነግረው ልቤ ይዘላል። ሐኪሟ የሐሰንን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ደሙንም አስመረመረች። "ይሄ ሰው አርትራይተስ የለበትም፤ የታመመው በኪኒኑ ብቻ ነው" አለች።

"አንድ ደም አይደሉም እንዴ?" አለች እናቴ።

"ናቸው እማማ። ያም ሆኖ ከተመሳሳይ መንታዎች አንዱ ሲታመም ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። እርስዎ ባለፈው 'ግን' ስል አልሰሙኝም" አለቻትና ወደኔ ዞረች። "መካኒክ ነህ አይደል? ከአንድ ቦታ የተገዙ ሁለት አንድ ዓይነት ማሽኖች አሉህ። አንዱ ጥሩ ጨርቅ ያወጣል፣ አንዱ ያበላሻል። ለምን?"

"ማስተካከያው ተነክቶ ነዋ!" አልኩ ብድግ ብዬ። ይሄማ የኔ ሙያ ነው።

"ዕቃው ያው ሆኖ?"

"ዕቃው ያው ሆኖ!"

"ይሄ ነው ኤፒጄኔቲክስ ማለት" አለች። "ያንተና የሐሰን ጂን፣ ማለትም ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁት መመሪያ፣ አንድ ነው፤ ነገር ግን ጂን ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ሜታይሌሽን ይባላል። ይሄኛው ጂን ይሥራ፣ ያኛው ዝም ይበል የሚሉት እነሱ ናቸው። ዕድሜ፣ ኢንፌክሽን፣ ጭስ፣ የምትኖርበት ነገር ሁሉ ይነካካቸዋል። እንደ ሩማቶይድና ሉፐስ ባሉ፣ ሰውነት ራሱን በሚዋጋባቸው በሽታዎች ላይ ተመራማሪዎች በመከላከያ ሕዋሶች ውስጥ እነዚህ ምልክቶች ተዛብተው አግኝተዋል" አለችን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እስቲ ንገረኝ፣ ሐሰን የማይነካው፣ አንተ ግን የምትነካው ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ።

ሐሰን አየኝ፣ ያውቃል። እናቴም አየችኝ፣ አታውቅም።

"ሲጋራ" አልኩ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ልትወረውርብኝ ጫማዋን ስትፈልግ ነርሷ ያዘቻት። ከዚያ ሁሉ ጭንቅ በኋላ ሁላችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያኔ ነው፤ ሐሰን አፉን ይዞ "አታስቁኝ፣ ያመኛል" ይላል። ሐኪሟ ግን አላጋነነችም። "ሲጋራው ብቻ አመጣው ብዬ ላንተ ለአንድ ሰው መማል አልችልም፤ ማንም አይችልም። የፋብሪካው አቧራም ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ከሚታወቁት ቀስቃሾች ሁሉ ግን ሲጋራ ዋናው ነው። ካቆምክ አንዳንዱ ምልክት በዓመታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መድኃኒቱም የተሻለ ይሠራልሃል። በሽታው ይጠፋል አላልኩህም" አለችኝ።

እኔ ግን ያን ቀን ከደሴ እየበረርኩ ነው የወረድኩት። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ስለ ጂን አስረዳኋቸው፤ ሲወርዱ፣ "አብሽር ልጄ፣ አላህ አእምሮህን ይመልስልህ" ብለው መረቁኝ። ምን ያርጉ! እስከዚያ ቀን በሽታዬ ከደሜ ጋር የተጻፈብኝ፣ ለወንድሜም ተራውን የሚጠብቅ ፍርድ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን አንድ የሚነካ ማስተካከያ አለ፣ ያውም ግማሹ በኔ እጅ!

ሲጋራውን ተውኩ፤ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፣ ሁለቴ ተመልሼ ሦስተኛው ላይ ነው የቀናኝ፣ ፋጡማም ኪሴን እየፈተሸች በደንብ አገዘችኝ። ኪኒኑን ሙሉውን፣ ጁምዓ ጁምዓ፣ ከሰላት መልስ እውጣለሁ፤ በየቀጠሮው ደሜንና ጉበቴን እመረመራለሁ፤ ሥራ ላይም አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ። በሦስተኛው ወር አንድ ጧት ለውዱእ ስቀመጥ መዳፌን ጨበጥኩ፣ ተጨበጠ፣ ከፈትኩ፣ ደግሜ ጨበጥኩ፣ ፋጡማን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ "እዪ! እዪ!" እያልኩ እንደ ሕፃን እጄን ስከፍትና ስዘጋ ሱብሒ ሊያልፈኝ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ስለ ጉዳዩ ያልነገርኩት ሰው ስለሌለ ስሜ ራሱ ተቀይሯል፤ "ኤፒ" ይሉኛል፣ ይበሉ! ጣቶቼ ዛሬም አንዳንድ ጧት ይገትራሉ፣ ብርድ ሲሆን ያመኛል፣ ብሎን ግን አጠብቃለሁ።

እናንተ ይሄን በሽታ የያዛችሁ፣ ጧት ጧት መገጣጠሚያችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚታሰር ከሆነ እንደኔ ሦስት ወር አትደብቁ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ስማችሁ ያልተጻፈበትን ኪኒን አትዋጡ፣ የናንተንም አታካፍሉ፣ ለምትወዱት ሰው ደግሞ በጭራሽ። ለሐኪም የምታፍሩበትን ነገር ለመናገር እናታችሁን ለትንሽ ጊዜ ከክፍሉ አስወጡ። በዘር ነው ከተባላችሁም ተቀምጣችሁ አትጠብቁት፤ ዘር ድርሻ አለው፣ ፍርድ ግን አይደለም። ሐሰን እንኳ ከሌላው ሰው ይልቅ ትንሽ ጠንቀቅ እንዲል፣ እንዳያጨስ፣ እጁ ከታሰረበትም ቶሎ እንዲመጣ ነው የተነገረው። እስከዛሬ ያርሳል።

ሐኪሟን አላህ ይጠብቅልኝ፤ ሳትቆጣ አስተማረችን። ፋጡማንም፣ ኪሴንም ሆዴንም ያወቀች እሷ ናት። ትልቁ ምስጋናዬ ግን ለእናቴ ነው፤ የሠራችው ሁሉ ከፍቅር ነበር፣ ካወቀች በኋላም ጥፋቷን በማንም ላይ አላላከከችም። ሐሰን ከሆስፒታል በወጣ ቀን በሩ ላይ አስቆመችንና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን፣ እንደገና እሱን ለረጅም ጊዜ አየች።

"አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ በሁለት ሳህን የማበላ ይመስለኝ ነበር" አለች። "ሁለት ወልጄ ነው ለካ!"

ከዚያ በየተራ፣ ለየብቻችን ሳመችን።