የመንገድ ሰዓት

ወርቅአፈራሁ ሣህሌ የተዝረከረከ ነገር ማየት አትችልም። ስለዚህ ቦንጋ ውስጥ የምትሠራበት ክሊኒክ አዲስ ሰርቨር ገዝቶ አለቃዋ ሳምሶን፣ «ሰኞ እዚህ ላይ ከመጫኑ በፊት አሮጌውን የካርድ ፕሮግራም አጽጂልኝ፤ የማይሠራበትን ሁሉ አውጪ» ሲላት ደስ ነው ያላት።

ፕሮግራሙን የጻፈው አብነት የሚባል ልጅ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጨርሻለሁ ብሎ አዲስ አበባ ገባ፤ መጨረሱን ያየ ግን የለም። መረጃ ለሚቀመጥባቸው ቫሪያብሎች ስም ያወጣላቸዋል፣ ከዚያ ይረሳቸዋል። «ጊዜያዊ»፣ «ጊዜያዊ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የእውነት የመጨረሻ»። ኮምፒውተሩ የትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል የማይጠራቸውን ስሞች አደብዝዞ ያሳያታል፤ እሷ ደግሞ አንድ በአንድ ፈትሻ ትሰርዛለች። እስከ ምሳ ሰዓት ስልሳ ሁለቱን ጠረገቻቸው፤ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንዱ ደብዛዛ ስም ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። «የመንገድ ሰዓት» ይላል።

ይህችን ጥያቄ ክሊኒኩን የረገጠ ሁሉ ያውቃታል። የካርድ ክፍሏ እትዬ አስካለማርያም ስምና ዕድሜ ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ከቤትዎ እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ፈጀብዎ?» ይላሉ፤ የተነገራቸውንም ይመዘግባሉ። ከሩቅ የመጣ እንዲቀድም ነው ይባላል። ወርቅአፈራሁ መልሱ የት እንደሚሄድ ተከታተለች። ከፎርሙ ይመጣል፣ ቫሪያብሉ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይቀራል። ተራ የሚደረድረው የፕሮግራሙ ክፍል አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። ከጎኑ አብነት ማስታወሻ ትቷል፦ «ተራው በዚህ ይደርደር። በኋላ እሠራዋለሁ።»

ሦስት ጊዜ ፈተሸች። የዚያን ቀን ያህል ተሳስቼ በሆነ ብላ ተመኝታ አታውቅም።

ከሰባት ዓመት በፊት እናቷን ወይዘሮ ብርቅዬን ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ወደሚገኝባት ደካ ለማድረስ አምስት ሰዓት ፈጀበት፤ ከዚያ ወደ ቦንጋ በመኪና መጡ። አባቷ ጋሽ ሣህሌ ወደ ካርድ መስኮቱ ጎንበስ ብለው የፈጀባቸውን ሰዓት ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ተመዘገበላቸው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሰው እየተጠራ ይገባል፤ እሳቸው አልጮኹም፣ አልለመኑም። ማሽኑ መንገዳችንን ያውቃል ብለው ታገሡ። ወይዘሮ ብርቅዬ ከቀትር በኋላ ስማቸው ሳይጠራ እዚያው አግዳሚው ላይ አረፉ።

ወርቅአፈራሁ ሳምሶን ዘንድ ሄደች።

«ሁለት ቀን ስጠኝና ልጨርሰው» አለችው። «ከሩቅ የመጣው እውነትም ይቅደም።»

«ሰኞ ይጫናል እኮ! ተራውን ነካክተሽ ፕሮግራሙ ቢቆም ማን ሊጠየቅ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካልሠራ አያስፈልግም ማለት ነው። አውጪው፤ ጥያቄውንም ከፎርሙ ላይ አንሺው።»

ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። የእናቷን ነገር ሳትነግረው ወጣች። ተመልሳ መስመሩን ሰረዘችው፤ ጥያቄውንም አነሣችው። ፕሮግራሙን አስነሥታ ሞከረችው። ምንም አልጎደለበትም፣ እንደ ድሮው ሠራ። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እናቷ ካረፉ ወዲህ ጋሽ ሣህሌ የሚኖሩት እሷ ዘንድ ነው። ወደ ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘቻቸው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ከካርዱ ፕሮግራም ላይ የማይሠራበትን ነገር ሳወጣ ነው የዋልኩት አባባ።»

«አደራ፣ ያቺን የመንገድ ጥያቄ እንዳትነኳት! ለሩቅ ሰው ያለችው እሷ ብቻ ናት።» የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ። «ያን ቀን ከእኛ የባሰ ከሩቅ የመጣ ሰው ስለነበረ ነው እንጂ እናትሽን ያስቀድሙልኝ ነበር። ምነው በጮህኩ እልና፣ እሱን ሳስብ ነው ልቤ የሚያርፈው።»

ወርቅአፈራሁ አጠገባቸው ተቀመጠችና አንድ ራስ በቆሎ አነሣች።

«አዎ አባባ» አለች። «ከሩቅ የመጣ ሰው ነበረ።»