ሀረገወይንና የረግረጉ ጠላቂ

አውቶሞቢል የመቱን ከተማ ገና በማያውቅበት ዘመን ሀረገወይን ወታደር ባሏን ተከትላ ከመንዝ መጣች። ባሏን ንዳድ ወሰደው፤ ማደሪያ መሬቱም ለሌላ ወታደር ተሰጠ። ለእሷ ከከተማው ጠርዝ፣ ረግረግ አፋፍ ላይ አንዲት ጎጆ ተረፈቻት። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች ሆና ከረመች።

ጠላቂዋን ያየቻት እዚያ ነው። ከዳክዬ ያነሰች፣ አንገቷ የቀላ፣ ጭራ የሚባል ነገር ያልተፈጠረላት የውሃ ወፍ ናት። እግሮቿ ወደ ኋላ ስለሆኑ የብስ ላይ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች፤ ውሃ ላይ ግን የሚስተካከላት የለም። መጀመሪያ ቀን ድንገት ስትጠልቅባት ሀረገወይን «ወይኔ፣ ሰጠመች!» ብላ ጮኸች። ወፏ ማዶ ብቅ ስትል አፈረች። ደግነቱ የሰማት ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱ አስለቀሳት።

በኋላ ኦሮሞ ጎረቤቶቿ እናት አባቷ የሞቱባትን ሕፃን በጉዲፈቻ ሰጧት። ጥሩነሽ አለቻት። ልጅቷ በአገሩ ቋንቋ «አዮ»፣ እናቴ፣ እያለች አደገች፤ ጎጆዋም ሞቀች። ጠላቂዋ ጫጩቶቿን በጀርባዋ አዝላ ስትንሳፈፍ ሁለቱ አብረው ሲያዩ ይውሉ ነበር።

ጥሩነሽ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የጎሬው ቡና ነጋዴ ፈንታሁን ሽማግሌ ላከ።

«ወድጄዋለሁ፤ ግን አንቺን ለማን ትቼ? አልሄድም፣ አዮ።»

ሀረገወይን ደስ አላት። እግዜር ይቅር ይበላትና በጣም ደስ አላት።

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጠላቂዋ ያን ሁሉ አዝላ ያሳደገቻቸውን ልጆች ስታባርር አገኘቻት። የተጠጋትን ሁሉ በመንቆሯ ጭንቅላቱን ትወጋለች። «አንቺ ክፉ!» ብላ ሀረገወይን ድንጋይ አነሳች። ሳትወረውረው ቆየች። የተባረሩት ማዶ ተሻግረው ብቻቸውን እየጠለቁ ዓሣ ይዘው ይወጡ ነበር።

ቤት ገብታ እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ጀመረች።

«የሰው ልጅ ማሳደግ ሰለቸኝ! እህሌን ጨርሰሽ ልትጦሪኝ ነው? ባል ሲመጣልሽ ውጪልኝ!»

ጥሩነሽ እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ አፍ ሰምታ አታውቅም። ተቀየመች፤ እንደተቀየመችም ተዳረች። በሰርጓ ቀን ጉልበት ስማ ስትመረቅ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሚዜዎቹ በቅሎዋን ይዘው የጎሬን መንገድ ሲጀምሩ ግን ሙሽራዋ ዞር አለች። ሀረገወይን አንድ ጊዜ ብትጠራት ልጅቷ ከበቅሎዋ እንደምትወርድ አሳምራ ታውቃለች። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።