ኦርፋ አፈሙዝ ያስለወጠች ጊዜ

ኦርፋ ቲልስታድ በስቲልማን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ከተማው ግን የሚያውቃት በሾርባዋ ሳይሆን በባሏ በኤይናር ነበር። ኤይናር ተኳሽ ነው። በየመስከረሙ የተኩስ ክበቡን ውድድር ያሸንፍና የተሸለመውን የአሳማ ጭን ትከሻው ላይ ጥሎ በዋናው መንገድ በእግሩ ይመለሳል። ሰው ሁሉ እንዲያየው መኪናውን ሆን ብሎ ሩቅ ያቆም ነበር። እርሳሱን የምታቀልጠው፣ አረሩን አንድ በአንድ የምታፈሰው፣ ባሩዱን በሚዛን የምትሰፍረው ኦርፋ መሆኗን ግን ተናግሮ አያውቅም። ሰው ከጠየቀው፣ «አዎ፣ እሷም ትንሽ ታግዘኛለች» ይላል። ኦርፋ ይህን በሰማች ማግስት በስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው ይገኛል።

ኤይናር በሞተ በአራተኛው ዓመት፣ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ኦርፋ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደችው። ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች መልሶ ወደ ላይ እየሳቡ የሚያቀባብሉት፣ በሞንታና ግዛት ከየመኪናው መቀመጫ ኋላ የማይጠፋ ዓይነት ነው። ወደ ውስጥ ብትመለከት ዝገት አፈሙዙን ቦርቡሮታል። ይዛው ከከብት መኖ መደብሩ ጀርባ ወዳለው ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ወደ ሌላንድ ሄደች።

ሌላንድ በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አብቅቶለታል፣ ወይዘሮ ኦርፋ። ሌላ አፈሙዝ ልግጠምልዎት። ግን ሁለት ዓይነት ነው ያለው።»

«ንገረኛ።»

«አንደኛው ውስጡ ስድስት ቦይ አለው፣ ጠለቅ ጠለቅ ያለ። እርሳሱን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና አሽከርክሮ ያወጣዋል። ግን ታዞ እስኪመጣ የገና በዓል ይደርሳል። ሁለተኛው ይኸው መደርደሪያው ላይ አለ። አስራ ሁለት ቦይ ነው፤ ቦይ ከምለው ጭረት ብለው ይቀላል። መዳብ ለለበሰ የፋብሪካ ጥይት እንደ ሐር ነው። ቤት ለፈሰሰ እርሳስ ግን…»

«ለእርሳስማ ሞት ነው!» አለ ከምድጃው አጠገብ አንድ ድምፅ።

ዊልመር ቡዝ ነው። የባቡር ጡረተኛ ነው፤ የሌላንድን ወንበር ከወረሰ ዓመታት አልፈዋል። ኤይናር በሕይወት ሳለ አስራ ሰባት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፤ ከኤይናር ቀብር ወዲህ ደግሞ አራት ጊዜ አንደኛ። ስለ አፈሙዝ ቦይ ከተነሳ ሰባኪው እንኳ ሰዓቱን አይቶ ይሾልካል።

«ስሚኝ፣ ኦርፋ» አለ ወንበሩን እየጎተተ። «እርሳስ ለስላሳ ነው። እዚያ ጭረት ላይ ሲደርስ መያዣ ያጣና ይንሸራተታል። ሳይሽከረከር ይወጣል። ግማሹ አፈሙዙ ውስጥ ተለቅልቆ ይቀራል፣ ግማሹ የማን ላም ላይ እንደሚያርፍ እግዜር ይወቅ። ኤይናር ቢኖር ይነግርሽ ነበር።»

ኦርፋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥልቁን ለማዘዝ አስባ ነበር። ያቺ «ኤይናር ቢኖር» የምትለው ነገር ግን ጆሮዋ ውስጥ እንደ ትንኝ ገባች።

«ሌላንድ» አለች፣ «ያንን የመደርደሪያውን ግጠምልኝ።»

ዊልመር ከት ብሎ ሳቀ። «በዚያ አፈሙዝ፣ በገዛ እጅሽ ባፈሰስሽው እርሳስ፣ በመቶ እርምጃ አስር ተኩሰሽ አስሩንም የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን በምታክል ቦታ ብታስገቢ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የመኸር እራት ዕቃ እኔ ነኝ የማጥበው። ያውም ያቺን አበባ አበባ ያለባትን ሽርጥሽን ታጥቄ!»

«ካልገባስ?»

«በሕዝብ ፊት ቆመሽ ‹ዊልመር ልክ ነበር› ትያለሽ።»

«ይሁን» አለች ኦርፋ። ሌላንድ ጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

በሳምንቱ ኤይናር ይጠቀምበት የነበረውን ያንኑ አረር ይዛ ከቤቷ ጀርባ ካለው ኮረብታ ሥር ተኮሰች። ዊልመር የተናገረው አንድ በአንድ ደረሰ። አረሮቹ የዒላማውን ወረቀት በአፍንጫቸው ሳይሆን በጎናቸው ነው የመቱት፤ ቀዳዳው ሁሉ የቁልፍ ቀዳዳ መሰለ። ሦስቱ ጭራሽ የት እንደገቡ አልታወቀም። አፈሙዙን ከተለቀለቀበት እርሳስ ስትፍቅ ዋለች፤ ስትፍቅም በአፏ የወጣው የትምህርት ቤት ልጆች የሚሰሙት አልነበረም።

ወረቀቱን ግን አልጣለችውም። በማግስቱ ወደ ሌላንድ ቤት ወስዳ ዊልመር ጭን ላይ አስቀመጠችለት።

«አንተ እንዳልከው ነው የሆነው» አለች አንገቷን ደፍታ።

ዊልመር ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። «ምን አልኩሽ! አይዞሽ፣ ጥልቁን እዘዢና ይለይልሽ። ሁልጊዜ እስከ ገና በዓል አይቆይም፤ አንዳንዴ ቶሎም ይመጣል።»

ኦርፋ ይህን ስትሰማ «እህም» ብቻ ብላ ወጣች። ዋሽታ አታውቅም፤ ሰው ራሱን ሲዋሽ ግን አታቋርጥም። እስከ ማታ ድረስ ኦርፋ እጇን ሰጥታ ጥልቁን አፈሙዝ ማዘዟን ያልሰማ በስቲልማን አልነበረም።

እሷ ግን ጓሮዋ ያለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ገብታ በሯን ዘጋች። ለስላሳ እርሳስ ቅባት ቀብታ በአፈሙዙ ውስጥ በእንጨት እየመታች አሳለፈችና የወጣውን ማይክሮሜትር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ለካችው። ኤይናር ይተኩሰው የነበረው አረር ለዚህ አፈሙዝ ቀጭን ነበር! ቦዩ ጥልቀት ከሌለው አረሩ ራሱ ወፍሮ መሙላት አለበት፤ ጠንከርም ማለት አለበት። የከተማው ጋዜጣ ሲዘጋ ከማተሚያ ቤቱ የተረፉ፣ ከጠንካራ የእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ፊደላት በጣሳ ነበሯት፤ ከመኪና ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ጋር አቀለጠቻቸው። የማፍሰሻውን ቅርጽ በብርጭቆ ወረቀት እያሸች በፀጉር ስፋት አሰፋችው። ባሩዱንም ቀነሰች። እንዲህ እያለች ስድስት ሳምንት ሞከረች፣ ጣለች፣ እንደገና አቀለጠች። በሰባተኛው ሳምንት ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ።

የመስከረሙ ውድድር ዕለት ዊልመር ከኋላዋ ቆሞ ለተሰበሰበው ሰው ያስረዳል። «አያችሁ፣ ይቺ ሴት ምክር ትሰማለች። ጥልቅ ቦይ አስገጠመች። አሁን ተመልከቱ።»

ኦርፋ ተነፈሰች፣ ማንሻውን ሳበች፣ ተኮሰች። አስር ጊዜ። ወረቀቱ ሲመጣ ሌላንድ የሻይ ሰሃን ከሳንድዊቹ ጠረጴዛ አንስቶ ደፋበት፤ አንድም ቀዳዳ ከሥሩ ብቅ አላለም።

«ይኸዋ!» ብሎ ጮኸ ዊልመር። «ስድስት ጥልቅ ቦይ ማለት ይህ ነው! እንኳን ኦርፋ፣ የኔም አክስት ብትተኩስ ይገባል!»

«ዊልመር» አለች ኦርፋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሰው አምኖ እንዲያዝዝ ቦዩን ለምን አትቆጥርለትም?»

ሌላንድ የእርሳስ ድቡልቡል ከኪሱ አወጣ፤ ለካ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በአፈሙዙ አሳልፎ የወጣውን ዊልመር መዳፍ ላይ አኖረለት። ዊልመር መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፋ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው፣ ቦዩ የተወውን እያንዳንዱን ምልክት በጥፍሩ እየነካ ቆጠረ።

«አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት!» አለና ቆመ። ጥፍሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት።

«ቀጥል እንጂ» አለች ኦርፋ።

«ሰባት» አለ ቀስ ብሎ። «ስምንት።» ዘጠኝን የሰማው ሌላንድ ብቻ ነው። አስራ ሁለት ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ በኋላ የተነሳው ሳቅ ኮረብታው ላይ የነበሩትን የእርድ በሬዎች አስበረገገ።

ዊልመር ቃሉን ጠበቀ። በመኸሩ እራት ሽርጧን ታጥቆ የመቶ አርባ ሰው ሰሃን አጠበ። ኦርፋም ያልቆሸሹትን ሰሃኖች ጭምር አመጣችለት።

በታኅሣሥ ኦርፋ ወደ ሌላንድ ደወለች። «ያንን ጥልቁን እዘዝልኝ» አለችው።

«ታዲያ ዊልመር ልክ ነበራ?» አለ ሌላንድ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ። በዚህኛው አንድ ደህና አረር ለማግኘት ጠጉሬን ነጭቼ ጨርሻለሁ። ጥልቁ የማንንም ዝርክርክ ሰው አረር ተቀብሎ ይተኩሳል።»

«እንዳልነግረው ነው የሚፈልጉት?»

«ንገረውና ጉድህን ታያለህ!»

«ችግር አለ፣ ወይዘሮ ኦርፋ» አለ ሌላንድ፣ ሳቁን እንደ ሳል እያስመሰለ። «ዊልመር ባለፈው ሳምንት ከራሱ ጠመንጃ ላይ ጥልቁን አስነቅሎ ባለአስራ ሁለቱን አስገጥሟል። አሁን ለሰው ሁሉ ስለ ጭረት ነው የሚሰብከው።»

በሚያዝያ ዊልመር የቆርቆሮ ቤቷን በር አንኳኳ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጫማው ላይ አፈጠጠ።

«አንድ ወዳጄ ነው» አለ። «አረሩ በጎኑ እየገባበት ተቸግሯል።»

«ምስኪን ወዳጅህ» አለች ኦርፋ። ማንኪያውን አስጨበጠችውና እርሳሱን እንዲያማስል ማሰሮው ፊት አቆመችው። የአረሩን ልክ የነገረችው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያው ግን ኤይናር ያሸነፈበትን የድሮ ውድድር ሁሉ አንድ በአንድ አስወራችው፣ እሷም የየውድድሩን አረር ማን እንዳፈሰሰው አንድ በአንድ ነገረችው።