ኖራ የማይሸፍነው ክብ

አባቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው፣ እናቴም ከል አውልቃ ነጭ ልትለብስ ጥቂት ወር ሲቀራት፣ ቤቱም አብሯት ከሐዘን ይውጣ ብዬ ተነሳሁ። ለሙት ዓመቱ ዘመድ ከየአገሩ ይመጣል። ሳሎናችን ደግሞ ያሳፍራል። ከሸዋ በር ገባ ብሎ ያለ የአያቶቻችን ቤት ነው፤ በእንጨት ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከእግሩ የሚረጥብ። ከሁሉ የሚብሰው ግን በመስኮቱ በኩል ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር ክብ ነበር።

ክቡ የአባቴ ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ምሳ በልቶ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ራሱን ወደኋላ ግድግዳው ላይ ጣል ያደርጋል። ጸጉሩን ቅባት ሳይቀባ ውሎ አያውቅም፤ ቅባቱን ግድግዳው ጠጣው። እናቴ ስትነጫነጭ ነው የኖረችው። ግድግዳዬን ጨረስከው ትለዋለች፤ ጥልፍ ጨርቅ ትሰቅልበታለች፤ እሱ ደግሞ ጨርቁ አንገቴን በላኝ ብሎ ያወርደዋል። ነጋ ጠባ ይኸው ነበር።

እናም ቤቱን ላስቀባው ነው ስላት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። የት! መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ አለችኝ። ክረምቱ ወጣ። ከዚያ የቀለም ሽታ ራሴን ያመኛል አለች፤ በርበሬ ሲታመስ እንኳ የማታስነጥስ ሴት። ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ምን ሆነብሽ፣ ደህና አይደል እንዴ አለችኝ። ስንት ዓመት ያማረረችበትን ግድግዳ! እኔም ንዴቴ ቅርብ ነውና ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ በባጃጅ አዲሱ ከተማ ሄጄ የዘይት ቀለም ገዝቼ መጣሁ። ክሬም ነው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል።

ቀለም ቀቢው ከኤረር በር የመጣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጣሳውን አየ፣ ግድግዳውን ከታች በመዳፉ ዳበሰና ለጭቃ ቤት ዘይት ቀለም አይሆንም አለኝ። እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣ እርጥበት ደግሞ ቀለሙን ከነምርጊቱ ይዞት ይወርዳል። እውነቱን ነው፤ የጎረቤታችን ሳሎን አምና እንደ ድንች ተልጦ ስናማ ከርመናል። ፕላስቲክ ቀለምስ ብለው፣ እሱም ያው ነው፣ ትንሽ ቢሻል ነው፤ ያረጀ እንጨትና ጭቃ የሚያስተነፍሰው ኖራ ነው አለ። ኖራ! ዘመድ ሁሉ ጀርባው ነጭ ሆኖ ሊሄድ። ጨው ጣል ካደረግንበት አይለቅም ብሎ አጽናናኝ።

ተስማማን። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ኖራ ቅባት አይሸፍንም፤ ክቡ ውሎ አድሮ ይወጣል። ስለዚህ እሱ ላይ ብቻ፣ ከስር፣ አንድ እጅ ዘይት ቀለም ልቀባበት አለኝ፤ ትንሽ ቦታ ስለሆነች ግድግዳውን አትጎዳም። ቀባው አልኩት። ጣሳው ተከፍቶ ብሩሹም ገብቷል።

እናቴ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ጥቁር ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ያናገረችው እሱን እንጂ እኔን አይደለም።

"ልጄ፣ ያንን ካልቀባህበት ይወጣል ነው የምትለው?"

"ይወጣል እማማ። ወላሂ፣ ኖራ አይዘውም።"

"እንግዲያው ተወው። ይውጣ።"

ለካ ያ ሁሉ ሰበብ፣ ክረምቱም ሽታውም፣ ባሏ ከቤቱ ጨርሶ እንዳይጠፋባት ፈርታ ነው። ምስኪን፣ ይህቺን ብቻ ማለት አቅቷት። የጣሳውን ክዳን እኔው መልሼ ገጠምኩት።

ሳሎኑ ነጣ። ሙት ዓመቱ በሰላም አለፈ፣ እናቴ ነጭ ለበሰች፣ ዘመድ ሁሉ ቤቱን አደነቀ። የማንም ጀርባ አልነጣም፤ ጨው ይመስገን። እናቴ ግን እንግዳው ከተሸኘ በኋላ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። ምንም የለም፤ ነጭ ነው። ባይወጣስ ብዬ እኔ ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ሳታየኝ ቀረብ ብዬ አየዋለሁ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በመስኮቱ በኩል ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። ክብ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተጠግታ አየችውና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አየሽልኝ ይሄን ሰውዬ? አሁንም ግድግዳዬን!"

ድምጿ ያው የድሮው ነው፤ ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። እንባዬ መጣ። እንዳታይብኝ ወደ ቁምሳጥኑ ዞሬ ጥልፉን ጨርቅ አወጣሁና ልስቀለው ወይ አልኳት።

"ምን ዋጋ አለው" አለችኝ፣ "ያወርደዋል።"