ለማይታይ ጠሪ

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ራዲዮው ጣቢያ ስቶ ሲንሿሿ ወንድሜ ደሳለኝ ትዝ አለኝ።

ልጆች ሳለን ንፋስ መውጫ ከተማ፣ እሱና ጓደኛው ይርጋ አሮጌ ራዲዮ ጠግነው፣ ሽቦውን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅለው፣ የሌላ ዓለም ሰዎች ድምፅ ይፈልጉ ነበር። አንድ ቀን ከጫጫታው መሀል አንድ ድምፅ «ደሳለኝ» ያለ መሰለኝ።

«አቤት!» አለ ወንድሜ እየሳቀ።

አጎታችን መሪጌታ ደነገጡ። «ኧረ አንተ ልጅ! ጠሪው ሳይታይ አቤት ያለ አብሮ ይሄዳል።» ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም።

«የኔታ፣ የማርስ ሰዎች ግዕዝ ይችላሉ እንዴ?» አለ ይርጋ።

ወንድሜ በዓመቱ ታሞ ሞተ። በአርባው ይርጋ ለብቻዬ ወሰደኝ።

«ራዲዮውን የጠገንኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስሙን ሲጠራው ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አልኩት።

ሰምቼ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።