የቢጫዋ ጄሪካን ቦታ

አባቴ ያቺን መኪና የገዛ ቀን ሰፈሩ ሳቀበት። በደርግ ጊዜ ሁሉ ከአሰብ አዲስ አበባ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ መንግሥት ተለውጦ እሱም ጡረታ ሲወጣ፣ ትርፍ ጎማዋን ጀርባዋ ላይ ያዘለች አጭር የቤት መኪና ይዞ ሸዋ ሮቢት ገባ። ያውም አሮጌ። አጎቴ ዞር ዞር ብሎ አያትና "ትነዳታለህ ወይስ ታዝላታለህ?" አለው። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሯን አሳየው።

"ትንሽ ናት" አለ በኋላ ለእኔ። "ግን ለአምስት ሰው ነው የሠሯት። የተሠራችበትን ካወቅሽላት አታሳፍርሽም።"

እኔ መጀመሪያ አልወደድኳትም ነበር። ወንበሯ ደረቅ፣ ድምጿ ብዙ፣ ንፋስ ሲመጣ ወደ ጎን የምትገፋ ነገር ናት። የሮቢት ፀሐይ የፊት ፕላስቲኳን ሰነጣጥቆታል። አባቴ ግን እያንዳንዱን ነገሯን በፍቅር ያስረዳኝ ነበር። ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች የወረዳችን የቀወት ማሳ መንገድ ሆዷን አይነካትም። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለው አጭሩ ማርሽ ሲሳብ አራቱም ጎማዎች ይጎትታሉ። የኋላ በሯ እንደ ቤት በር ወደ ጎን ይከፈታል፤ የኋላ ወንበሯም ግማሽ በግማሽ ይታጠፋል። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው በበጋ በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ መንዳት አስተማረኝና መሪውን ለእኔ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጎኔ ተቀምጦ ያዳምጣል።

ሁለት ነገር አጥብቆ ነግሮኛል። አንደኛው ስለ ሙቀት ነው። አቀበት ላይ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ካለች የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት፤ የሞተሩን ትኩሳት እኛ እንካፈለዋለን ማለት ነው። ያንን በሮቢት ሙቀት ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። ራዲያተሯ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረባት፤ ስትበየድም ተመልሳ ትከፈታለች። ስለዚህ አንዲት ቢጫ ጄሪካን ውሃ ተሞልታ፣ ከኋላ በቀኝ ጥግ ከጎማ ውስጥ በወጣ ካላማዳሪ ቁራጭ ታስራ ትኖራለች። "ውሃዋን ሳትይዢ ከበር እንዳትወጪ" ይለኛል፣ ገበያ እንኳ ስሄድ።

እሑድ ነበር፣ ግንቦት ላይ። አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ ሆዱን ሲያመው ደብቆኝ ኖሯል። ጠዋት ሳየው ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ጠንክሯል። ጤና ጣቢያ የነበረው ባለሙያ ዳሰሰውና ፊቱ ተለወጠ። "አንጀቱ ታጥፏል። እዚህ አይሠራም፤ ቶሎ ደብረ ብርሃን አድርሱት። ጠብታ ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ" አለ። አምቡላንስ የሚባል ነገር ያኔ እኛ ዘንድ አልነበረም። የነበረችው የእኛ መኪና ናት።

ወንበሩን በግማሽ አጥፌ አባቴን እያስተኛሁት ሳለ ቤተ ክርስቲያን የዋለው ሰው ወሬውን ሰምቶ መጣ። እኛ አገር በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። የንስሐ አባቱ ከፊት ገቡ። አጎቴ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ "እትዬ" እያልኩ ያደግኩባቸው ጎረቤታችን፣ ጠበል በሁለት ሊትር ፕላስቲክ ይዘው ገቡ። ሌሎች ሦስት ጎረቤቶችም ቆመው ያዩኛል። "በዛን እንዴ?" አሉ አንዱ። የንስሐ አባቱ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ግቡ" አሉ።

እኔ ምላሴ የማያርፍ ሰው ነኝ። ከነጋዴም ከቀበሌም ተጣልቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አፌ ተያዘ። እናቴ የሞተች ጊዜ እንጨቱንም ውሃውንም ተሸክመው ያስተዛዘኑን እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ በምን አፌ ውረዱ ልበል? አንደኛው ጎረቤት ከኋላ እግሩን ማስገቢያ አጣና "ይቺ ቦታ ያዘች" አለኝ፣ ጄሪካኗን እያሳየ። ካላማዳሪውን ፈታሁት። ጄሪካኗን በገዛ እጄ አውርጄ ደጃፋችን ላይ አስቀመጥኳት። ደብረ ሲና ውሃ ሞልቷል አልኩ በልቤ።

ከተማውን ሳንወጣ አባቴ ከኋላ ጠየቀኝ።

"ውሃዋን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ አባዬ" አልኩት።

እንዳይጨነቅ ነው። ይህንን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እግዜር ያውቃል።

ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። አቀበቱ ሲጀምር ግን ስምንት ሰው መጫኗን ከድምጿ ሰማሁት። ሦስተኛ አልችል አለች፤ ሁለተኛ አስገባሁ። መርፌዋ ግማሹን አለፈች። አባቴ መርፌዋን አያያትም፤ ከኋላ ተኝቷል። ግን "ሞቃለች፣ ማሞቂያውን ክፈቺው" አለኝ።

"አንተን ያቃጥልሃል።"

"ክፈቺው አልኩሽ! እሷ ከቆመች እኔም ቆምኩ።"

ከፈትኩት። ውጪው እሳት፣ ውስጡ እሳት። የንስሐ አባቱ በጥምጣማቸው ጫፍ ፊታቸውን እየጠረጉ ይጸልያሉ። በመስታወቱ የአባቴን ከንፈር አየዋለሁ፤ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። አርማንያ የምትባለውን ትንሽ ከተማ አልፈን ብዙም ሳንርቅ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ ጥላ የሌለበት መታጠፊያ ላይ አቆምኩ።

"እስክትበርድ ጠብቂ" አለ አባቴ። "በትኩሱ ካፈሰስሽባት የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታታዋ፣ ይሰነጠቃል። ውሃዋን አዘጋጂ።"

ከመኪናዋ ወረድኩ።

"ልጄ፣ ውሃዋን።"

"ደጃፍ ላይ ቀረች አባዬ። እኔ ነኝ ያወረድኳት።"

ዓይኑን ጨፈነ። አልተቆጣኝም። ያኔ ቢሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

አጎቴ ነጠላውን አጣፍቶ ውሃ ፍለጋ ወደ አርማንያ ቁልቁል ሮጠ። አንድ አውቶቡስ ጢም ብሎ እያጓራ አለፈን። ሞባይል ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ለማን ይደወላል? አባቴ መቃተት ጀመረ። እትዬ ከጠበሉ ጣታቸውን ነክረው ከንፈሩን ሊያረጥቡለት ሲሉ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆምን በሰዓት አላየሁም። ኮፈኑን በእጄ እየነካሁ አለቅስ ነበር፤ አልበርድ አለኝ።

በመጨረሻ ክዳኑ ሲከፈትልኝ አባቴ በቀስታ "እትዬ፣ ያንን ለእሷ ስጧት" አለ።

እትዬ ፕላስቲኩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። "ጠበሉን? ለመኪና?"

"እኔ ተከልክያለሁ። እሷ ትጠጣልኝ።"

ሁላችንም የንስሐ አባቱን አየናቸው። በመስቀላቸው ኮፈኑን ባረኩና "ነፍስ ልታደርስ ነው። አፍስሺ" አሉኝ። አባቴ እየሰማ፣ የተጠማውን ውሃ እስከ ጠብታው ራዲያተሯ ውስጥ ገለበጥኩት። የንስሐ አባቱም ወደ ሌሎቹ ዞረው "እኛ እዚሁ እንቅር" አሉ። እኔ ሮቢት ላይ ያቃተኝን ቃል እሳቸው እዚያ ገደል አፍ ላይ አሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አጎቴ የተዋሰውን ውሃ በትከሻው ይዞ ሲደርስ እኛ ሄደን እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

መኪናዋ ውስጥ እኔ፣ አባቴና እትዬ ብቻ ቀረን። ደብረ ሲና ደርሰን ራዲያተሯን ሞላንና የጣርማ በርን አቀበት ጀመርን። ያ የከፋው ነው፤ ተሳቢ የሚያንገዳግድ አቀበት ነው። መኪናችን እንደ ፍየል ወጣችው። መርፌዋ ከግማሽ ንቅንቅ አላለችም። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው ደስ ይል ነበር። እኔ ግን መሪውን ይዤ አንጀቴ ያርር ነበር፤ እንዲህ መውጣት ትችል ኖሯልና።

"ሰማሻት?" አለኝ አባቴ ከኋላ። "አሁን ቀለላት።"

ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻው ሙሉ ቃል ይኼ ነው። ደብረ ብርሃን ሐኪሙ ወዲያው አስገባው፤ ሲወጣ ግን ዓይኔን ሸሸ። አንጀቱ ጠቁሮ አገኘነው አለኝ። "ምናለ ትንሽ ቀደም ብትሉ" አለና ትከሻዬን ነካኝ። አባቴ ከማደንዘዣው አልነቃም።

በማግስቱ በዚያው በታጠፈው ወንበር ላይ አስተኝተን ይዘነው ወረድን። መንገዱ ቁልቁለት ነው። መርፌዋ እስከ ሮቢት ድረስ ከታች አልተነሳችም።

ቀብሩ ላይ የከተማው ሰው ሁሉ ወጣ። ከመቃብር ሲመለስ ለቀስተኛው እንደ ልማዱ ንፍሮ ከመቅመሱ በፊት እጁን ሊታጠብ ደጃፋችን ላይ ተሰለፈ። ውሃ የት አለ ተባለ። እትዬ ዞር ሲሉ ቢጫዋን ጄሪካን አዩዋት፤ ካስቀመጥኳት ቦታ ያነሳት የለም። ክዳኗን ከፍተው በእያንዳንዱ እጅ ላይ ያፈሱ ጀመር፤ ለአጎቴ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ከኋላ እግሩን ማስገቢያ ላጣው ጎረቤት።

ተራዬ ሲደርስ እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ለሁላችንም በቃን።